አምፑል

በእኛ ክፍል ቋንቋ አምፑል ሁለት ነው።
አንዱ ጣሪያ ላይ፣
ደሴ ጉም ስትለብስ ቀድሞ የሚጠፋው፤
ሌላው ፍሪጅ ውስጥ ብርድ ለብሶ ያደረው፣
የጣቴን ግማሽ እንኳ የማያህለው፣
ውሃ የሚመስለው፣
አንገቱን ቀንጥሼ፣ በመርፌ ቀድቼ፣
ከወላድ ጭን ላይ የማሳርፈው።

ኦክሲቶሲን ይሉታል በሙሉ ስሙ።
ማህፀን ይጨብጣል፣ እንዲቆም ደሙ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ይኸው ነው ትርጉሙ፤
ስረከብ ቆጥሬ፣
ሳስረክብ ቆጥሬ፣
ከደብተር ፈርሜ።

መጽሐፉ ግን ሌላም ይል ነበር፤
ኮሌጅ ሳለን፣ ለፈተና ስንሸመድድ፦
ይኸው ሆርሞን ከአንጎል ሥር ይመነጫል፣
ሕፃን ጡት ሲይዝ፣ ገላ ገላን ሲያገኝ ደም ውስጥ ይገባል፣
ባዳን ከባዳ ጋር ያለማምዳል።
አራት ምርጫ ነበረው ጥያቄው።
«ሐ»ን አከበብኩ፤ አለፍኩ፤ ረሳሁት።

ሐምሌ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ጦሳ ጉሙን ለቆ ከተማውን ውጦት።
አንዲት ሴት አመጡ ከኮምቦልቻ፤
ሉባባ ትባላለች፣ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ፣
ሐረጎን ስትወጣ በየጥምዝማዙ ምጧን ስትቆጥር፤
ባሏ ሾፌር ነው፣ ጅቡቲ መስመር፤
ስልኩ «ጥሪ አይቀበልም» ከማለት በቀር
ሌላ ቃል የለውም።

በሰባት ወሯ ወለደች።
አንድ ኪሎ ከአራት መቶ።
የልጅቱ ለቅሶ፣ ማሽን ላይ ክር ሲበጠስ የሚሰማውን ያህል።
አምፑል ሰበርኩ፤ ወጋሁ፤ ደሙ አልቆም አለ፤
አልጋዋን እየገፉ ወደ ኦፕራሲዮን ሮጡ።
ያኔ አምፑል ጠፋ።
(የላይኛውን ማለቴ ነው።)
የጨቅላ ማሞቂያው አጉረመረመ፣ አቃሰተ፣ ዝም አለ።
የጄኔሬተሩ አቅም ለአንድ ክፍል ነው፤
እሱንም እናቷ ወሰደችው።

ወዲያ ማዶ ሁለት ሴቶች በምጥ ይጠሩኛል።
በሩ ላይ ጋሽ ይመር፣ ዘበኛው፣ ባትሪ ይዞ ቆሟል።
«ሲስተር፣ ላብራልሽ?» ይላል።

ሰው ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው ጋሽ ይመር።
ሰላምታው ከሩቅ፣ እጁ ከደረቱ፤
ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፣ ሬዲዮ ነው ቤቱ፤
«ወታደር ነበረ» ይላሉ፣ ይኸው ነው ታሪኩ፣ ከነመሰንበቱ።

«ካፖርትህን አውልቅ» አልኩት።
«እ?»
«ሸሚዝህንም።»

ባትሪውን መሬት አኖረ፤ ብርሃኑ ግድግዳ ወጣ።
ከሽበቱና ከጠባሳው መሃል ልጅቱን አስተኛኋት፣
በካፖርቱ ሸፈንኳት።
«እንዳትነቃነቅ» ስለው
አትተንፍስ ያልኩት መሰለው።
«ተንፍስ እንጂ፣ ጋሽ ይመር!»

አንዷ ወንድ ወለደች፣ አንዷ መንታ፤
ስመለስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፣ ወፍ ተንጫጭታ።
እሱ እንደተውኩት ነው። ባትሪው ደክሟል።
ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤
እሷም ትከተለዋለች፣
መንገድ እንደሚያሳያት ሰው።
ሰማያዊ የነበረው ጥፍሯ ቀልቷል።
ሙቀቷን ለካሁ፤ ሠላሳ ስድስት ከአምስት።
«ሲስተር» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ይህች ልጅ ታውቀኛለች።»

ሰባት ቤት ቢቆጠር ዘመዷ አይደለም።
ልነግረው ከጀልኩ፦ ሆርሞን ነው፣ ጋሽ ይመር፣
ማንም ሳይወጋህ፣ ማንም ሳይፈርም
ደምህ ውስጥ የዞረ፤
ዕድሜ ልክህን የት ተቆልፎ እንደነበረ
እኔም አላውቅም።
ግን አፌ ላይ ቀረ።
ለሚያውቀው ሰው ስም ምን ይረባዋል?

ሉባባ ተረፈች። በአምስተኛው ቀን ባሏ ደረሰ፣ የጨው አቧራ ለብሶ።
ከወር በኋላ ሐያትን አቅፈው ሐረጎን ወረዱ።
ጋሽ ይመር ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም።
«ብርዱ ነው» አለ።
ይህንንም መጽሐፉ ሳይጽፈው አልቀረም፤
እኛ ግን ለፈተና አይመጣም ብለን ገጹን ዘለልነው።

አሁን እሑድ እሑድ ሚኒባስ ይሳፈራል፣
ሁለት ሳሙና በፌስታል ቋጥሮ።
ሰኞ ጠዋት ደብተሬን አወጣለሁ፦
የገባ ሃምሳ፣ የወጣ አርባ ሰባት፣ ቀሪ ሦስት፤
ሒሳቡ ልክ ነው፣ ፈርሜያለሁ።
ከበር ስወጣ ያገኘኛል፤
እጁ ደረቱ ላይ የለም፤
ዘርግቶታል።
ሻካራ ነው። ይሞቃል።